ለባሕር ኃይላችን መርከቦች መዝገብ ይከፈት፦ ስለ አንዲት ታንክ አራጋፊ መርከብ ታሪክ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ዋና መምሪያ፣
ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣
እንዲሁም በሀገር ውስጥና በውጭ ለምትገኙ የቀድሞው ባሕር ኃይል አባላት በሙሉ፤

ጉዳዩ፦ የባሕር ኃይላችን መርከቦች ታሪክ፣ የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ አዛዦች፣ የሥራ ኃላፊዎችና ባለውለታ መርከበኞች፤

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በኦክቶበር 1942 በአሜሪካ ምዕራባዊና ምሥራቃዊ ዳርቻዎች ሁለት የጦር መርከቦች በ23 ቀን ልዩነት ከመሥሪያቸው ወደ ውኃ ወረዱ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ኦክቶበር 4 ቀን በዋሽንግተን ግዛት፣ ሃውተን በተባለ ቦታ የወረደችው ኦርካ የተባለች የባሕር አውሮፕላኖች አገልጋይ መርከብ ነበረች። ኦክቶበር 27 ቀን በፊላደልፊያ የባሕር ኃይል መሥሪያ የወረደችው ደግሞ ስም እንኳ አልተሰጣትም፤ ኤል ኤስ ቲ 325 የሚል ቁጥር ብቻ የተጻፈባት ታንክ አራጋፊ መርከብ ነበረች (ኤል ኤስ ቲ የዚህ ዓይነት መርከብ የእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል ነው)። የመጀመሪያዋ ከ20 ዓመት በኋላ ወደ ምጽዋ መጥታ «ኢትዮጵያ» ተባለችና የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ ሆነች። ሁለተኛዋ ለግሪክ ተሰጠች። ዛሬ ከመጀመሪያዋ የቀረ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ሁለተኛዋ ግን ኢንዲያና ውስጥ በኦሃዮ ወንዝ ላይ ቆማ፣ ሞተሯ እየሠራ፣ ልጆች ወለሏ ላይ እየተመላለሱ ትኖራለች።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ይህ ልዩነት ከምን እንደመጣ ለማሳየትና ከእሱ ተነሥቼ አንድ ጥያቄ ለማቅረብ ነው። ስለ ኤል ኤስ ቲ 325 በሰፊው የማወራው የሌላ ሀገር መርከብ አስደንቃኝ ብቻ ሳይሆን፣ አንድ የጦር መርከብ ከቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ እጅ የሚተርፈው በምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ከእሷ የተሻለ ምሳሌ ስለማላውቅ ነው።

የታንክ አራጋፊ መርከብ አሳብ የመነጨው ከሽንፈት ነው። በ1940 የእንግሊዝ ጦር ከፈረንሳዩ የደንከርክ ወደብ በጀልባና በመርከብ ሲሸሽ ሰዎቹን አተረፈ እንጂ ታንኮቹን፣ መድፎቹንና መኪኖቹን እዚያው ጥሎ ነው የሄደው። ወደ አውሮፓ መመለስ ካስፈለገ ወደብ በሌለበት ዳርቻ ከባድ መሣሪያ የሚያወርድ፣ ያም ሆኖ ውቅያኖስ ማቋረጥ የሚችል መርከብ እንደሚያስፈልግ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ገና ያኔ ተረድተው ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ የተሠራው በቬንዙዌላ የማራካይቦ ሐይቅ ደለል ላይ ሳይነኩ እንዲያልፉ ታስበው በተገነቡ ሦስት ነዳጅ ጫኝ መርከቦች ነው፤ ሚሶዋ፣ ታሳሄራና ባቻኬሮ ይባሉ ነበር። ከውኃው በታች ያላቸው ጥልቀት አነስተኛ ስለሆነ ፊታቸው ተቆርጦ በር ተገጠመላቸው። ሠሩ፤ ነገር ግን የሚፈለገውን ያህል ቁጥር በዚህ መንገድ ማግኘት የማይታሰብ ነበር።

ችግሩ እርስ በርሱ የሚቃረን ነው። ውቅያኖስ የሚያቋርጥ መርከብ ማዕበል እንዳይገለብጠው ጠለቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ዳርቻ ላይ የሚወጣ መርከብ ግን ውኃው ላይ እንደተንሳፈፈ ሳንቃ ቀለል ማለት አለበት። በአሜሪካ የባሕር ኃይል የመርከብ ቢሮ ይሠሩ የነበሩት የመርከብ ንድፍ ባለሙያ ጆን ኒደርማየር ኖቬምበር 4 ቀን 1941 በጥቂት ሰዓት ውስጥ በእርሳስ በሠሩት ንድፍ ሁለቱን አስታረቁ። መርከቧ ትላልቅ የውኃ ጋኖች ይኖሯታል፤ በባሕር ስትጓዝ ጋኖቹ ይሞሉና ትጠልቃለች፣ ወደ ዳርቻ ስትደርስ ውኃው በፓምፕ ይወጣና ከፍ ትላለች። ሰርጓጅ መርከብ ከሚሠራበት ዘዴ ጋር የሚቀራረብ ነው። ያ ንድፍ ጥቂት ማሻሻያ እየተደረገበት 1,051 መርከቦች ተሠሩበት።

መርከቧ 100 ሜትር ርዝመትና 15 ሜትር ወርድ አላት። እያንዳንዳቸው 900 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት የጄኔራል ሞተርስ ዲዝል ሞተሮች ይነዷታል፤ ፍጥነቷ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ታንኮቹ የሚቆሙት ከመርከቧ ጫፍ እስከ ጫፍ በሚባል ሁኔታ በሚዘረጋ የውስጥ ወለል ላይ ነው። በወለሉ ላይ በመደዳ የአበባ ቅርጽ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ታንኩ በማዕበል እንዳይንሸራተት ሰንሰለቱ የሚታሰረው በእነሱ ነው። ከላይ በጣሪያው በኩል የአየር ማናፈሻዎች ተገጥመዋል፤ 20 ታንክ በአንድ የታፈነ ክፍል ውስጥ ሞተሩን ሲያስነሣ የሚወጣው ጭስ ሰው እንዳይገድል።

ማራገፉ እንዲህ ይከናወናል። መርከቧ ዳርቻው ላይ ከመድረሷ በፊት ከኋላዋ ከባድ መልሕቅ ትጥልና የብረት ገመዱ ከዊንቹ (ገመድ ከሚጠቀልለው ማሽን) እየተፈታ ወደ ፊት ትቀጥላለች። ፊቷ አሸዋውን ሲነካ ከፊት 1.2 ሜትር፣ ከኋላ ደግሞ 3 ሜትር ያህል ብቻ ነው ውኃ ውስጥ የምትቀመጠው። ሁለቱ የፊት በሮች እንደ ቁም ሳጥን ግራና ቀኝ ይከፈታሉ፤ ከበስተኋላቸው የቆመው የብረት መወጣጫ በሰንሰለት ይወርዳል፤ ታንኮቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ጭነቱ ሲያልቅ ዊንቹ ገመዱን መልሶ መጠቅለል ይጀምርና ቀደም ብሎ የተጣለው መልሕቅ መርከቧን ከአሸዋው ላይ ወደ ኋላ ይስባታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ መርከቧ ሳትንቀሳቀስ ለጠላት መድፍ ተጋልጣ ነው የምትቆየው። በጁን 1944 ታላቁ የባሕር ዘመቻ በተካሄደበት በፈረንሳይ የኖርማንዲ ዳርቻ ደግሞ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ልዩነት ሰፊ ስለነበር፣ ብዙዎቹ ውኃው ሲሸሽ ደረቅ አሸዋ ላይ ተቀምጠው እያራገፉ ቀጣዩ ሙላት እስኪያነሣቸው ይጠብቁ ነበር።

ይህን ያህል መርከብ የት ተሠራ የሚለው ጥያቄ ለዚህ ደብዳቤ ጠቃሚ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። የባሕር ዳርቻ መሥሪያዎች በአውሮፕላን ተሸካሚና በአጃቢ መርከቦች ግንባታ ተጨናንቀው ስለነበር ሥራው ወደ መሐል ሀገር፣ ወንዝ ዳር ወዳሉ ከተሞች ተላከ። የበቆሎ እርሻ በከበባት፣ ኢንዲያና ውስጥ በምትገኝ ኢቫንስቪል በምትባል ከተማ፣ በኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ ባሕር አይተው የማያውቁ ገበሬዎች፣ የቤት እመቤቶችና የፋብሪካ ሠራተኞች ብየዳ ተምረው 167 ታንክ አራጋፊ መርከቦች ሠሩ። ሥራው በተጧጧፈበት ጊዜ መሥሪያው ከ19,000 በላይ ሠራተኞች ነበሩት። መርከቦቹ ኦሃዮንና ሚሲሲፒን ተከትለው ወደ ባሕር ይወርዱ ነበር። የባሕር በር የሌለው ሕዝብ የመርከብ ታሪክ አይኖረውም ብሎ ለሚከራከር ሰው ኢቫንስቪልን እንዲያስብ እጋብዛለሁ።

ኤል ኤስ ቲ 325 ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1943 አገልግሎት ጀመረች። ከሰሜን አፍሪካ ተነሥታ በጁላይ በሲሲሊ፣ ጄላ በሚባለው ስፍራ፣ በሴፕቴምበር ደግሞ በሳሌርኖ የእንግሊዝ ታንኮች ይዛ ተሳተፈች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ እንግሊዝ ሄደች። ለኖርማንዲው ዘመቻ ከፋልማውዝ ወደብ የተነሣችው ከሁለተኛው ምድብ ጋር ስለነበር ኦማሃ የተባለው የኖርማንዲ ዳርቻ የደረሰችው ዘመቻው በተጀመረ ማግሥት፣ ጁን 7 ቀን 1944 ነው። ከዚያ እስከ አፕሪል 1945 ድረስ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ከ40 ጊዜ በላይ ተመላለሰች፤ ስትሄድ መኪናና ወታደር፣ ስትመለስ ቁስለኛና ምርኮኛ ጭና። ብዙ ሰው ስለዚያ ዘመቻ ሲያወራ የመጀመሪያዋን ቀን ነው የሚያነሣው፤ የጦርነቱን ውጤት የወሰነው ግን ከዚያ በኋላ ለወራት ሳይቋረጥ የቀጠለው ይህ አሰልቺ ምልልስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከእነዚህ ጉዞዎች አንዱ ብቻውን ሊነገር ይገባዋል። ዲሴምበር 28 ቀን 1944 ወታደሮች የጫነችው ኤምፓየር ጃቨሊን የተባለች መርከብ በፈረንሳይ ዳርቻ አቅራቢያ ተመትታ ስትሰጥም ኤል ኤስ ቲ 325 ደርሳ 700 ያህል ሰዎችን በማዳን ሥራ ተሳተፈች። አዛዧ ክሊፎርድ ሞዝየር ለዚህ ተግባር የነሐስ ኮከብ ሜዳይ ተሸለሙ። ጦርነቱ በአውሮፓ ካበቃ በኋላ ሜይ 1945 ወደ ሀገሯ ስትመለስ ደግሞ ራሷ ለመሰበር ደርሳ ነበር፤ ከቤልፋስት በወጣች በሁለተኛው ቀን ፊቷ ከግዙፍ ማዕበል ጋር ተጋጭቶ በላይኛው ወለል ላይ ስንጥቅ ጀመረ። የመርከቧ ሠራተኞች በዚያው ማዕበል ውስጥ በስንጥቁ ላይ የብረት ዝርግ በይደው ነው ለሁለት ከመከፈል ያዳኗት።

የእነዚህ መርከቦች ታሪክ ግን ሁሉም የሚያኮራ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ክፍል መዝለል ለናንተ የማቀርበውን ጥያቄ ያፈርስብኛል። አፕሪል 28 ቀን 1944 ሌሊት ለኖርማንዲ ልምምድ በእንግሊዝ ደቡብ ዳርቻ፣ ላይም ቤይ ውስጥ በሰልፍ ይጓዙ የነበሩ ታንክ አራጋፊዎች በጀርመን ፈጣን የቶርፒዶ ጀልባዎች ተመቱ። ኤል ኤስ ቲ 507 እና 531 ሰጠሙ፤ 289 ክፉኛ ተጎዳች። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው የሟቾች ቁጥር 749 ነው። ምክንያቱ ሲመረመር ጀግንነት ሊሸፍነው የማይችል ቸልተኝነት ተገኘ። አጃቢ እንድትሆን ከተመደቡት አንዷ መርከብ በግጭት ተጎድታ ወደብ ቀርታለች፤ በትየባ ስሕተት መርከቦቹና የዳርቻው ጣቢያ በተለያየ የራዲዮ ሞገድ ላይ ነበሩ፤ ብዙ ወታደሮች የሕይወት ማዳኛውን ብብታቸው ሥር በማድረግ ፈንታ ወገባቸው ላይ ስላሰሩት ውኃ ውስጥ ሲወድቁ በአፍጢማቸው ደፋቸው። የዘመቻው ምስጢር እንዳይወጣ ሲባል ነገሩ ታፈነ፤ ከዘመቻው በኋላም ለብዙ ዓመታት ጎልቶ አልተነገረም። በመጨረሻ ትውስታውን ያስነሣው ኬን ስሞል የሚባሉ እዚያው ዳርቻ የሚኖሩ አንድ ሲቪል ሰው ናቸው፤ ከባሕር በታች የቀረ አንድ የሸርማን ታንክ መብት ገዝተው በ1984 አስወጡትና ቶርክሮስ በተባለች መንደር ለሟቾቹ መታሰቢያ እንዲሆን አቆሙት። መንግሥት ሳይሆን አንድ ሰው፣ በራሱ ገንዘብና በራሱ ድካም ነው ይህን ያደረገው።

ከጦርነቱ በኋላ የኤል ኤስ ቲ 325 ሕይወት ጸጥ ያለ ነው፤ በፍጥነት ልለፈው። በ1946 ፍሎሪዳ ውስጥ ግሪን ኮቭ ስፕሪንግስ ላይ ከአገልግሎት ወጥታ ቆመች። በ1951 ተመልሳ በካናዳ ምሥራቃዊ ዳርቻና በግሪንላንድ የራዳር ጣቢያዎች ሲገነቡ ዕቃ አመላለሰች። በ1964 ለግሪክ ባሕር ኃይል ተሰጥታ «ሲሮስ» ተባለች፤ እስከ 1999 መጨረሻ አገለገለች። ከእኅቶቿ መካከል በማዕበል የተሰበሩ፣ ለዒላማ ልምምድ የሰጠሙ፣ አብዛኞቹም ተቆራርጠው የተሸጡ ናቸው፤ እሷ ግሪክ ከአገልግሎት ለማውጣት ስለዘገየች ብቻ ተረፈች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ዋናው ጉዳይ የምደርሰው እዚህ ላይ ነው። በእነዚህ መርከቦች ላይ ያገለገሉ አሜሪካውያን በማኅበር ተደራጅተው ነበር፤ ሥራቸውም በዓመት አንዴ ተገናኝቶ ቡና መጠጣት ብቻ አልነበረም። የትኛዋ መርከብ የት እንዳለች ይከታተሉ፣ ከመንግሥታት ጋር ይጻጻፉ፣ ገንዘብ ያሰባስቡ ነበር። ከአሜሪካና ከግሪክ መንግሥታት ፈቃድ አግኝተው በ2000 ክረምት ላይ፣ ማለትም እኛ ዝናብ ስንጠብቅ እነሱ ሙቀት በሚያቃጥላቸው ወቅት፣ አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ ሽማግሌዎች በቀርጤስ ደሴት ወደምትገኘው ሱዳ ወደብ ሄዱ። ያገኟት መርከብ ዝጋለች፤ ቧንቧዎቿ ተበልተዋል፤ የመብራት መስመሩ በየቦታው ተቆርጧል። በራሳቸው እጅ ለወራት ጠገኗት። የባሕር ጠባቂ ባለሥልጣናት በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ መርከብ፣ በፈረንጆች የብርድ ወቅት አትላንቲክን ማቋረጥ አደጋ ነው ብለው መከሯቸው፤ ምክሩም ምክንያት የሌለው አልነበረም። እነሱ ግን በካፒቴን ሮበርት ጆርንሊን እየተመሩ በኖቬምበር ቀርጤስን ለቀው፣ ዲሴምበር 12 ቀን ከጅብራልታር ተነሥተው፣ ጃንዩዋሪ 10 ቀን 2001 አላባማ ውስጥ ሞቢል ወደብ ገቡ። ከ30 የማይበልጡ ሰዎች ናቸው፤ የዚያች መርከብ የጦርነት ጊዜ የሰው ኃይል ከመቶ በላይ ነበር።

ሞቢል ሲደርሱ ሥራቸው አላለቀም። መርከቧ ቋሚ ቦታ አልነበራትም። በ2003 ወንዙን ይዛ ወደ ኢቫንስቪል ብቅ ስትል በጥቂት ቀናት ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሊያዩአት ወጡ፤ ከእነሱ መካከል ከስልሳ ዓመት በፊት እንዲህ ያሉ መርከቦችን የበየዱ አሮጊቶች ነበሩባቸው። ልብ በሉ፣ ኤል ኤስ ቲ 325 እዚያ የተሠራች አይደለችም፤ የፊላደልፊያ መርከብ ናት። ከተማይቱ ግን ከሠራቻቸው 167 መርከቦች እንደ አንዷ ቆጥራ፣ እንደ ራሷ ተቀበለቻት። በ2005 መቀመጫዋ ሆነች፤ በ2009 መርከቧ በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባች።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ኦርካ በጃንዩዋሪ 1962 «ኢትዮጵያ» ተብላ የተረከበቻት ሀገር ባሕር ኃይሉን ካቋቋመች ሰባት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም ነበር፤ አሥመራ የነበረው የባሕር ኃይል ኮሌጅ ከተከፈተም ስድስት ዓመት ገደማ ነበር። መርከቧ በፊሊፒንስ ዙሪያ በተካሄዱት ዘመቻዎች የባሕር አውሮፕላኖችን ነዳጅና መጠለያ ስትሰጥ ከርማ፣ በ1946 ደግሞ በቢኪኒ ደሴቶች የአቶሚክ ቦምብ ሙከራ ላይ ተገኝታ ነበር። ለእኛ ለ29 ዓመታት የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የባሕር ላይ መቀበያቸው፣ በምጽዋ በየዓመቱ ይከበር በነበረው የባሕር ኃይል ቀንም የእንግዶች ሁሉ ዓይን ማረፊያ ሆና ኖረች። በ1991 ከሌሎች መርከቦች ጋር ወደ የመን ሸሸች፤ እዚያው ቆማ ቀረችና በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ጅቡቲ የደረሱት ሌሎች መርከቦቻችን በ1996 በሐራጅ ተሸጡ።

ያን ጊዜ ማንም መርከብ ማዳን ይችል ነበር አልልም። ሀገር ሙሉ እየተናወጠ ማን ስለ አሮጌ መርከብ ያስባል? የምለው ሌላ ነው። ኤል ኤስ ቲ 325ን ያዳነው መጀመሪያ ገንዘብ ሳይሆን መዝገብ ነው፤ የሚያውቋት ሰዎች ስለነበሩ፣ ያወቁትንም ስለጻፉ፣ በጻፉትም ላይ ተመሥርተው መከራከር ስለቻሉ ነው። የእኛ መርከብ ብረቱ ከጠፋ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መዝገቡ ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። አባቴ በሞተር ክፍሏ ውስጥ ሠርቷል፤ የትኛው ፓምፕ በሙቀት ወቅት እንደሚያስቸግር፣ ምጽዋ ሲደርሱ የሞተር ክፍሉ ሰዎች ወደ ላይ ወጥተው መጀመሪያ የሚጠጡት ምን እንደነበር ያወራ ነበር። አንዱም አልተጻፈም። እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ዛሬ በአዲስ አበባ፣ በቢሾፍቱ፣ በዋሽንግተንና በሎስ አንጀለስ በየቤታቸው አሉ፤ በየዓመቱም እየቀነሱ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ባሕር ኃይሉ ዳግም እንዲቋቋም ከተወሰነ ወዲህ በሥልጠናና በድርጅት ብዙ መሠራቱን እንሰማለን፤ ከዚሁ ጎን ለጎን በዋና መምሪያው ውስጥ የመርከቦች ታሪክ የሚመዘገብበት አንድ ትንሽ ክፍል ይከፈት። ለጅምሩ ሁለት ጸሐፊ፣ አንድ የድምፅ መቅረጫና አንድ የተቆለፈ ካዝና ይበቃዋል። መጀመሪያ እያንዳንዷ መርከብ ከየት እንደመጣች፣ መቼ እንደገባች፣ ማን እንዳዘዛት፣ ምን እንደደረሰባትና መጨረሻዋ የት እንደሆነ አንድ አንድ ገጽ ይዘጋጅላት። ከ«ኢትዮጵያ» መርከብ በፊትና በኋላ የነበሩት ትንንሽ የጥበቃ ጀልባዎች፣ በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ሁለቱ ፖልኖችኒ አራጋፊ መርከቦችም እዚህ ውስጥ ይግቡ። ፖልኖችኒዎቹ ከኤል ኤስ ቲ 325 ጋር አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ፣ ፊታቸውን ከፍተው ታንክ በዳርቻ የሚያወርዱ መርከቦች ናቸው፤ በምጽዋና በዳህላክ መካከል ያደረጉትን ጉዞ ከሠራተኞቻቸው አፍ ካልሰማን ከሌላ ከማንም አንሰማውም።

የኦርካ የጦርነት ጊዜ ታሪክ ደግሞ ከእኛ አጠገብ ባይኖርም በቀላሉ ይገኛል። የአሜሪካ የጦር መርከቦች የዕለት ተዕለት የጉዞ መዝገብ በዚያ ሀገር ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጦ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የኦርካን ቅጂ በደብዳቤ ጠይቆ ማስመጣት የሚከብድ ነገር የለበትም። ከዚያ ወዲህ ያለውን የእኛን ክፍል ግን ማንም አያስቀምጥልንም።

ለቅርስ ባለሥልጣን የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። በግለሰቦች እጅ ያሉ የባሕር ኃይል ፎቶግራፎች፣ የደንብ ልብሶች፣ የሹመት ደብዳቤዎች፣ የማሽን መጻሕፍትና ካርታዎች በቅርስነት የሚመዘገቡበት ግልጽ መንገድ ይውጣ፤ ባለቤቱም ዕቃውን ሳይነጠቅ ቅጂውን የሚሰጥበት አሠራር ይኑር። ብዙ ቤተሰብ ዕቃውን ደብቆ የሚያስቀምጠው ይወሰድብኛል ብሎ ስለሚፈራ ነው፤ ፍርሃቱ ተገቢ ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ ካልተነሣለት ግን አያወጣውም።

የሚሰበሰበው ታሪክ ግን የሹመትና የሽልማት ዝርዝር ብቻ እንዳይሆን አደራ። ከላይ የላይም ቤይን ጥፋት ያነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው። የራዲዮ ሞገዱ ስሕተትና የሕይወት ማዳኛው አለባበስ ተመዝግቦ ስለቀረ ከዚያ በኋላ የመጣ ወታደር ትምህርት ወሰደበት። የእኛም መርከቦች አንዳንዶቹ በጠላት፣ አንዳንዶቹ በመለዋወጫ እጦት፣ አንዳንዶቹም በራሳችን ውሳኔ ጠፍተዋል፤ በየትኛው ወገን ይቆም የነበረ መርከበኛም ቢሆን ያየውን ሳይፈራ እንዲናገር ዋስትና ካልተሰጠው፣ የምናገኘው መዝገብ የሚያምር እንጂ የሚያስተምር አይሆንም።

ለናንተ ለቀድሞው የባሕር ኃይል አባላትም አንድ ቃል አለኝ። መንግሥት እስኪጠራችሁ አትጠብቁ። ያገለገላችሁባትን መርከብ ስም፣ ያገለገላችሁበትን ዘመን፣ የጓዶቻችሁን ስምና የሥራ ድርሻ፣ የምታስታውሱትን አንድ ጉዞ ከወደብ እስከ ወደብ በስልካችሁም ቢሆን ቅረጹ፤ ልጆቻችሁም ይርዷችሁ። በየከተማው ያላችሁ ማኅበራት ቅጂውን በአንድ ቦታ አሰባስቡና ክፍሉ ሲከፈት ታስረክባላችሁ፤ ካልተከፈተም ቢያንስ በእጃችሁ ይኖራል።

ለዋና መምሪያው የማቀርበው ጥያቄ በጽሑፍ መልስ እንዲያገኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። አባቴ የተዋቸውን ስድስት ፎቶግራፎችና አንድ የሞተር ክፍል የሥራ ደብተር ቅጂ፣ ክፍሉ የሚከፈትበት ቀን እንደታወቀ ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የቀድሞው ባሕር ኃይል የሞተር ክፍል ባልደረባ ልጅ